የሴቶች መብት ንቅናቄ፦ ከየት ተነሣ? ለእኛስ ምን ጥያቄ ተወ?



«የሴቶች መብት» የሚለው ቃል በየቤታችን በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ምላሽ እንሰማለን። አንዳንዱ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ቤት ሊያፈርስ የመጣ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ ሴት ልጅ መብት ያገኘችው ፈረንጆች ካወጁት ወዲህ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ወንድምና እህት በአንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ፣ ወላጆችም የሚሉት ጠፍቷቸው ዝም ሲሉ ያላየን የለንም። ሁለቱም ተከራካሪዎች ግን አንድ የሚጋሩት ነገር አላቸው። ንቅናቄው የት እንደ ተጀመረ፣ የጀመሩት ሴቶች ምን ተነጥቀው ምን እንደ ጠየቁ ብዙውን ጊዜ አያውቁም።

አንድን ነገር ሳያውቁ ማውገዝም ሆነ ሳያውቁ ማድነቅ ከሙስሊም አይጠበቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የንቅናቄውን አነሣሥ፣ ያስገኘውን ውጤትና እስከ ዛሬ የተወውን አሻራ እንመለከታለን። በመጨረሻም ፊታችንን ወደ ራሳችን ቤት አዙረን አንድ ጥያቄ እናነሣለን።

ስሟ በባሏ ስም የተዋጠ ሴት

ታሪኩን ለመረዳት ወደ 18ኛውና 19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ባገባች ዕለት በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ሰው መሆኗ ይቀር ነበር። እንግሊዞች ይህን ሥርዓት «ከቨርቸር» ይሉታል። ሚስት በባሏ ጥላ ተሸፍና ትኖራለች ማለት ነው። ታዋቂው የሕግ ሊቅ ዊልያም ብላክስቶን እ.ኤ.አ. ከ1765 ጀምሮ ባሳተመው የሕግ ማብራሪያ፣ ባልና ሚስት በሕግ እንደ አንድ ሰው እንደሚቆጠሩ፣ የሚስቲቱም ሕጋዊ ማንነት በባሏ ውስጥ እንደሚጠቃለል አስፍሯል።

ይህ በቃል ሲነገር የፍቅር ንግግር ይመስላል። በኑሮ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ልጃገረድ ሳለች የነበራት ገንዘብ፣ ጌጣጌጥና የቤት ዕቃ ከሠርጓ ዕለት ጀምሮ የባሏ ንብረት ይሆናል። መሬት ካላት በስሟ ቢቆይም ኪራዩን የሚሰበስበው ባል ነው። በልብስ ስፌትም ሆነ በፋብሪካ ሠርታ ያገኘችው ደሞዝ የእርሷ አይደለም። በራሷ ስም ውል መዋዋል አትችልም፤ መክሰስም አትችልም። ያለ ባሏ ፈቃድ ኑዛዜ መተው አትችልም። ከተለያዩም ልጆቹ የአባት ናቸው።

ባለጠጋ ቤተሰቦች ይህን ያውቁ ስለ ነበር፣ ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ንብረቷን በአደራ ጠባቂዎች እጅ የሚያስቀምጥ ልዩ ሰነድ በጠበቃ ያዘጋጁ ነበር። ይህን ለማድረግ አቅም የሌላት የሠራተኛ ልጅ ግን ምንም መከለያ አልነበራትም። ባሏ ሰካራም ቢሆን፣ ጥሏት ቢሄድና ከዓመታት በኋላ ቢመለስ፣ እስከዚያው በእጇ ሥራ ያጠራቀመችውን ሁሉ ወስዶ ቢጠጣበት የሚጠይቀው አልነበረም።

በኋላ የምርጫ መብት ንቅናቄ መሪ የሆነችው ሚሊሰንት ፎሴት አንድ የደረሰባትን ነገር ትተርክ ነበር። በለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ አንድ ሌባ የገንዘብ ቦርሳዋን ሰረቃት። ሌባው ተይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ክሱ የተሰረቀው ገንዘብ የባሏ የሄንሪ ፎሴት ንብረት መሆኑን ይገልጽ ነበር። ቦርሳው ከእርሷ እጅ ቢወሰድም ገንዘቡ የእርሷ አልነበረም። ክሱን ስትሰማ ራሷ በስርቆት የተከሰሰች ያህል እንደ ተሰማት ተናግራለች።

የአንዲት እናት አቤቱታ

ሕጉን መጀመሪያ ካነቃነቁት ሴቶች አንዷ የፖለቲካ ሰው አልነበረችም። ልጆቿን የተነጠቀች እናት ነበረች። ካሮላይን ኖርተን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1827 ጆርጅ ኖርተን የተባለ የሕግ ሰው አገባች፤ ሦስት ወንዶች ልጆችም ወለደች። ባሏ ይደበድባት ነበር። ደራሲ ስለ ነበረች በብዕሯ የምታገኘው ገቢ ቤቱን ይደጉም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1836 ትዳሩ ፈረሰ። ባል ልጆቹን ወስዶ ደበቃቸው። ይህም አልበቃው ብሎ ሚስቱን በወቅቱ ከነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ከሎርድ ሜልበርን ጋር በዝሙት ጠርጥሮ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፍርድ ቤት አቆመ። ዳኞቹ ክሱን ውድቅ አደረጉት። ካሮላይን ግን ስሟ ሲብጠለጠል በዚያ ችሎት ቀርባ መልስ የመስጠት መብት አልነበራትም። ነፃ መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላም ልጆቿን ማየት አልቻለችም፤ ሕጉ ለአባት ወግኗልና።

ካሮላይን ብዕሯን አነሣች። የእናትን ሐዘን የሕግ ክርክር አድርጋ ጽሑፎች አሳተመች፤ ለፓርላማ አባላትም አሰራጨች። እ.ኤ.አ. በ1839 የሕፃናት ጥበቃ ሕግ ወጣ። ዝሙት ያልተፈረደባት እናት ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿን ለማሳደግ፣ ከዚያ በላይ ያሉትንም ለማየት ፍርድ ቤት መጠየቅ እንድትችል ፈቀደ። ዛሬ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን ግን እናት በልጇ ላይ ድርሻ እንዳላት የእንግሊዝ ፓርላማ በሕግ ሲያውቅ የመጀመሪያው ነበር።

ለራሷ ግን ብዙም አልጠቀማትም። ባሏ ልጆቹን የእንግሊዝ ሕግ ወደማይሠራባት ወደ ስኮትላንድ ወስዷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ትንሹ ልጇ ከፈረስ ወድቆ ታመመ፤ እርሷ ስትደርስ ሞቶ አገኘችው። ይህም ሆኖ ትግሏን አላቆመችም። ባሏ ከመጽሐፎቿ የሚገኘውን ገቢ ሳይቀር የእኔ ነው ብሎ ሲከራከራት፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ ረጅም ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች።

በዚያው ወቅት ባርባራ ሊ ስሚዝ የተባለች ወጣት የሴቶችን የሕግ ይዞታ ማንም ሊረዳው በሚችል ቀላል ቋንቋ የሚያብራራ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመች። እ.ኤ.አ. በ1856 እርሷና ጓደኞቿ 26,000 ያህል ሰዎች የፈረሙበትን አቤቱታ ለፓርላማ አስገቡ። ፓርላማው ግን ወዲያው እሺ አላለም። ያገባች ሴት የራሷን ደሞዝ የራሷ ማድረግ የቻለችው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። ንብረቷን በሙሉ በስሟ መያዝ የፈቀደው ሕግ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ካሮላይን ኖርተን ይህን ሳታይ በ1877 አርፋ ነበር።

ከመጋረጃ ጀርባ የተቀመጡ እንግዶች

የአሜሪካው ንቅናቄ ደግሞ የተወለደው ከባሪያ ነፃነት ትግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 በለንደን ከተማ ባርነትን የሚቃወም ዓለም አቀፍ ጉባዔ ተጠራ። ከአሜሪካ ከተላኩት ልዑካን መካከል ሴቶች ነበሩበት። የጉባዔው ወንዶች የመጀመሪያ ትልቅ ክርክር ግን ስለ ባሮች ሳይሆን «ሴቶች በመካከላችን ይቀመጡ ወይስ አይቀመጡ?» የሚል ሆነ። በመጨረሻ ሴቶቹ ተለይተው ከመጋረጃ ጀርባ፣ እየሰሙ እንጂ እየተናገሩ አይደለም ተብለው ተቀመጡ። የባሪያ ነፃነት ታጋይ የነበረው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ይህን ሲያይ የተሰጠውን ቦታ ትቶ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠ።

በዚያ ጉባዔ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ተዋወቁ። አንዷ ሉክሪሺያ ሞት፣ ሌላዋ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተን ናቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 እና 20 ቀን 1848 በኒው ዮርክ ግዛት ሴኔካ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የጸሎት ቤት ውስጥ፣ የሴቶችን መብት የሚመለከት ስብሰባ ጠሩ። 300 ያህል ሰው መጣ። የቀረበው መግለጫ የአሜሪካን የ1776 የነፃነት አዋጅ አቀራረብ የተከተለ ነበር። በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ቀርቦ የነበረውን የበደል ዝርዝር ያህል፣ ያገባች ሴት በሕግ እንደ ሞተች መቆጠሯን፣ ደሞዟ መወሰዱን፣ ከከፍተኛ ትምህርት መከልከሏንና የመሳሰለውን ዘረዘረ። 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈረሙበት።

ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ያከራከረው የመምረጥ መብት ነበር። ከራሳቸው ከደጋፊዎቹ መካከል «ይህን ከጠየቅን መሳቂያ እንሆናለን» ያሉ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ተነሥቶ የደገፋቸው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ዳግላስ ከባርነት አምልጦ ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው ነበር። መብትን ተከልክሎ የኖረ ሰው የተከለከለን ሰው ጩኸት ፈጥኖ ይሰማል።

ሰባ ሁለት ዓመት የፈጀ ጉዞ

ከሴኔካ ፎልስ እስከ አሜሪካ ሕገ መንግሥት 19ኛ ማሻሻያ ድረስ 72 ዓመታት አለፉ። በመካከሉ ንቅናቄው ራሱ ተከፋፈለ። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት የሰጠው 15ኛው ማሻሻያ ሴቶችን ስላላካተተ፣ አንዳንድ ነጭ መሪዎች ጥቁሮችን የሚያዋርድ ንግግር እስከ መናገር ደረሱ። ይህ በታሪኩ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1920 ማሻሻያው ለመጽደቅ የአንድ ግዛት ድምፅ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጉዳዩ በቴነሲ ግዛት ምክር ቤት ቀረበ። ሃሪ በርን የተባለ የ24 ዓመት እንደራሴ በተቃዋሚዎች ምልክት አጊጦ ገባ። በኪሱ ግን ከእናቱ የመጣ ደብዳቤ ነበር፤ ለሴቶች ድምፅ እንዲሰጥ የሚመክር። ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ሐሳቡን ለወጠ፤ ማሻሻያውም አለፈ። በማግስቱ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲያስረዳ፣ ለልጅ የእናቱን ምክር መከተል ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ተናገረ።

በ1848 መግለጫውን ከፈረሙት ሴቶች መካከል በዚያን ቀን በሕይወት የነበረችው ሻርሎት ውድዋርድ ብቻ እንደ ነበረች ይነገራል። በሴኔካ ፎልስ ጊዜ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ሆና ቤት ውስጥ ጓንት ትሰፋ ነበር። በ1920 የመምረጫው ቀን ሲደርስ ግን እርጅናና ሕመም ይዟት ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች።

ሌሎች አገሮችም በየጊዜያቸው ተከተሉ። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1893 ቀድማ ነበር። እንግሊዝ በ1918 ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑና የንብረት መስፈርት ላሟሉ ሴቶች፣ በ1928 ደግሞ ከወንዶች እኩል ለሁሉም ፈቀደች። ስዊዘርላንድ በአገር አቀፍ ደረጃ የፈቀደችው በ1971 ነው። የአሜሪካ ጥቁር ሴቶችም ቢሆኑ በደቡቡ ግዛቶች መብቱ በእጃቸው የገባው ከ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ወዲህ ነው። በወረቀት ላይ ያለ መብትና በእጅ የገባ መብት አንድ አለመሆናቸውን ልብ ይሏል።

ያተረፈውና ያጎደለው

የንቅናቄው ውጤት ዛሬ በዓለም ሁሉ ይታያል። ሴት በስሟ ንብረት መያዟ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባቷ፣ ሐኪምና ዳኛ መሆኗ፣ በደል ሲደርስባት ራሷ ፍርድ ቤት መቅረቧ እንደ ተራ ነገር ሆኗል። ይህ ግን በአቤቱታ፣ በጽሑፍና በትዕግሥት የመጣ መሆኑን መርሳት አይገባም።

በሌላ በኩል ንቅናቄው አንድ ድምፅ ብቻ ኖሮት አያውቅም። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ከንብረትና ከፍትሕ ጥያቄ አልፎ፣ ትዳርን ራሱን እንደ እስር ቤት የሚያይ፣ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነትንም እንደ ነፃነት የሚቆጥር ክንፍ ወጣ። ይህን ሙስሊሙ ቤተሰብ ሊቀበለው አይችልም። ከራሳቸው ከምዕራባውያን ሴቶችም መካከል ይህን የተቃወሙ ብዙ ናቸው። አንዱን ክንፍ አይቶ የንብረቷንና የልጇን ጉዳይ የጠየቀችውን እናት ጭምር ማውገዝ ግን ፍትሕ አይደለም።

ሌላም ጉድለት አለ። ሴቲቱ ወደ መሥሪያ ቤት ስትሄድ የቤቱ ሥራ አብሯት አልቀነሰም። አሜሪካዊቷ የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት፣ ሠራተኛ እናቶች ከደሞዝ ሥራቸው ሲመለሱ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ፈረቃ እንደሚጠብቃቸው አሳይታለች። የገዛ ቤተሰቡን በሥራ ማገዝ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና መሆኑን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ባዕድ ትምህርት አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ በቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደ ነበርና ሶላት ሲደርስ እንደሚወጡ መስክረዋል።

ከኡሑድ በኋላ የቀረበ አቤቱታ

አሁን ከካሮላይን ኖርተን 1,200 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ፣ ወደ መዲና እንመለስ። ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ባለቤት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። ባሏ በኡሑድ ሸሂድ ሆኗል። የልጆቹ አጎት ግን በዘመኑ ልማድ መሠረት ንብረቱን ሁሉ ወስዶ ለልጆቹ ምንም አላስቀረላቸውም። የውርስ ድንጋጌ የያዙት የሱረቱ ኒሳእ አንቀጾች ወረዱ። ነቢዩም አጎቱን አስጠርተው ለሁለቱ ሴት ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ የተረፈው የእርሱ እንዲሆን አዘዙ። ዘገባው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስቦች ይገኛል።

በዚሁ ሱራ መህር የሴቲቱ የራሷ ገንዘብ መሆኑ፣ ወንድም ሴትም በሥራው ካገኘው ድርሻ እንዳለው ተደንግጓል። የወንድ ልጅ የውርስ ድርሻ ከእህቱ እጥፍ የሚሆንበት ምክንያትም ግዴታ የተሸከመ በመሆኑ ነው፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ችግረኛ የሆኑ የቤተሰቡን ሴቶች የማስተዳደር ኃላፊነት አለበት። እርሷ ግን ባለጠጋ ብትሆንም እንኳ ከንብረቷ ለቤቱ እንድታወጣ አትገደድም።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አልነበረም። የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት የነበረችው ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ እ.ኤ.አ. በ1717 ከኦቶማን ምድር በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች፣ ባለጠጋ ቱርካውያን ሴቶች ገንዘባቸውን በራሳቸው እጅ እንደሚይዙ፣ ሲፋቱም ይዘውት እንደሚወጡ በመገረም ገልጻለች። የአገሯ ሴቶች ይህን መብት ያገኙት ከዚያ 165 ዓመት በኋላ ነው። እንደ ቡርሳና ካይሰሪ ባሉ ከተሞች የቃዲ መዝገቦች ውስጥም ሴቶች በገዛ ስማቸው ቤት ሲሸጡ፣ ሲገዙና ዘመዶቻቸውን ሲከሱ ይታያሉ።

ይሁንና ዘመን እያለፈ ሲሄድ በብዙ የሙስሊም አገሮች ልማድ ሸሪዓን እየጫነው መጣ። ቅኝ ገዢዎችም ይህን ድክመት ለራሳቸው ዓላማ ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1907 ግብጽን የገዛው ሎርድ ክሮመር እስላም ሴትን አዋርዷል እያለ ይጽፍ ነበር። ይኸው ሰው በግብጽ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲጨምር አድርጓል። ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ የእንግሊዝ ሴቶች እንዳይመርጡ የሚታገለው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ሰዎች «የሙስሊም ሴት ነፃ ትውጣ» ሲሉ ሁልጊዜ ለሴቲቱ አስበው እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

መልሱ ግን ዝም ማለት አልነበረም። ባሒሰቱ አል-ባዲያ በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው ግብጻዊቷ መምህርት መለክ ሒፍኒ ናሲፍ ፈረንጅን በጭፍን መከተልንም በልማድ መታሠርንም ነቅፋ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1911 በካይሮ አቅራቢያ ለተደረገው የግብጻውያን ጉባዔ አሥር ጥያቄዎች ላከች። ሴቶች መስጊድ ገብተው ትምህርት እንዲያዳምጡ፣ ለሴት ልጆችም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታ እንዲሆን፣ ሴቶች ሕክምና እንዲማሩ የሚሉት ይገኙባቸዋል። መብትን ከውጭ መለመን ሳያስፈልግ ከዲን ውስጥ መጠየቅ እንደሚቻል አሳየች። በ1918 ገና በ31 ዓመት ዕድሜዋ ሞተች።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ

ንቅናቄው በአገራችንም አሻራውን ትቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ባልንም የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ይደነግግ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሴቶችን ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት አሰፈረ። በሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብርቱ ጥረት ጭምር የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተጠናከሩ፤ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ፈቅደው ሲቀርቡ የኒካሕ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳዮችን ያያሉ።

እንግዲህ በሕግ በኩል ብዙ ተጽፏል። በዲናችን በኩልማ ከ1,400 ዓመት በፊት ተደንግጓል። ታዲያ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በእጅስ ገብቷል ወይ?

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። አባት ሲሞት ሰደቃው ወጥቶ፣ ለቀስተኛው ሲበተን የውርሱ ነገር በስንት ቤት ይነሣል? ብዙ ጊዜ ወንድሞች ቤቱንና መሬቱን ይዘው ይቀጥላሉ። እህት «ድርሻዬስ?» ካለች «ወንድሞቿን የከሰሰች» ትባላለች። ስለዚህ በይሉኝታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም ፈቅዳለች ተብሎ ይተረጎማል። በይሉኝታ የተወሰደ ገንዘብ ግን ከልብ የተሰጠ አይደለም። ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ልጆች አጎት በምን ተለየን?

መህርንም እንመልከት። በኒካሑ ዕለት ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ይጠራል፤ «በዕዳ» ተብሎም ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይረሳል። ባል ሲሞት ከውርሱ በፊት መከፈል ያለበት ዕዳ መሆኑን የሚያስታውስ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የስደተኛ እህቶቻችን ጉዳይ ነው። ለዓመታት ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሌሎችም የዐረብ አገሮች ሄደው በሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ እህቶች አሉን። ሌሊት ተነሥተው የሰው ልጅ አሳድገው፣ ከደሞዛቸው ለራሳቸው ሳያስቀሩ ወደ ቤት ይልካሉ። በገንዘቡ ቤት ይሠራል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ ሱቅ ይከፈታል። ስሙ ግን የአባት ወይም የወንድም ይሆናል። ልጅቱ ጤናዋን አጥታ ስትመለስ በገዛ ላቧ በተሠራ ቤት እንግዳ ትሆናለች። የፈረንጆቹ ሕግ በ1870 ያስቀረውን በደል እኛ ያለ ምንም ሕግ፣ በልማድ ብቻ ስንፈጽመው እንገኛለን። ኢስላም ይህን አያውቀውም። የሠራችው የእርሷ ነው።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ! ሴት ልጃችሁ ከውጭ የምትልከውን ገንዘብ በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር አስቀምጡላት። በገንዘቧ ቤት ከተሠራ ካርታው በስሟ ይሁን። ለእናንተ የሰጠችው ስጦታ ከሆነም ፈቅዳ መስጠቷን እርሷው ትናገር።

ወንድሞች ሆይ! አባታችሁ ሲሞት ዕዳው ከተከፈለና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ ውርሱ ሳይዘገይ በሚያውቅ ሰው ይከፈል። እህታችሁ ድርሻዋን ትታላችሁ እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ ድርሻዋን እጇ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የምትሰጣችሁ ከሆነ እርሱ ስጦታ ነው።

እህቶች ሆይ! ኒካሕ ስታስሩ መህሩ በጽሑፍ ይስፈር፤ ቅጂውም በእጃችሁ ይኑር። ሐቅን በአደብ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሰዕድ ባለቤት ልጆቿን ይዛ ስትመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልገሠጿትም። ጉዳዩዋን ሰሙ፤ ፈረዱላትም።

የመስጊድ ኢማሞችና የሰፈር ሽማግሌዎችም ስለ ሴት ልጅ ግዴታ በሚናገሩበት መጠን ስለ ሐቋም ቢናገሩ ብዙ ጠብ ከመወለዱ በፊት ይበርድ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በማዕዳችን ዙሪያ የሚነሣው ክርክር ሰሚ ሲያጣ ልጆቻችን መልሱን ከሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። «ኢስላም ለሴት መብት ሰጥቷል» ብለን ስንናገር የምትሰማን ልጅ ከንግግራችን በፊት የእናቷን መህርና የአክስቷን ድርሻ ታያለች። መልሳችን እዚያ ካልተገኘ ሌላ መልስ የለንም።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ሐቅ ጠባቂዎች፣ በቤታችንም ፍትሐዊ ያድርገን። አሚን!